ቀለሙ ሲበላሽ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ስኬል ሞዴል፣ ማለትም የእውነተኛ አውሮፕላን ወይም ታንክ በልክ ያነሰ የፕላስቲክ ቅጂ፣ ቀለም ነው። በተለይ ቀለሙ ሲበላሽ ስለሚደረገውና ስለማይደረገው። ሞዴል የሚሠራ ሰው አውሮፕላኑን ወይም ታንኩን ለሳምንታት ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፣ ያጣብቃል። መጋጠሚያውን በስቱኮ ይሞላል። ከዚያ ሊያልቅ ሲል፣ ቀለም ላይ፣ አንድ ነገር ይፈጠራል። ጸጉር ይወድቅበታል። ቀለሙ ይወርዳል። ይጨማደዳል። ወይም የማይቀባውን ቦታ ለመሸፈን የተለጠፈው ፕላስተር (ማስኪንግ ቴፕ) ሲነሳ ቀለሙን ልጦ ይዞት ይመጣል።

እኔ የማምነው አንድ ነገር አለ። ሞዴሉን ለከፋ ጉዳት የሚዳርገው ብዙ ጊዜ ከአደጋው በኋላ ባሉት አስር ደቂቃዎች የምናደርገው ነገር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ቀለም ላይ ግን የፈሰሰውን መልቀም እንኳ የለም። እርጥብ ቀለም በነካችሁት ቁጥር ይብስበታል።

ለምን እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ክንፍ ላይ አንዲት የብሩሽ ጸጉር ወደቀች እንበል። ቀለሙ ከተቀባ አምስት ደቂቃ ሆኖታል። ጸጉሯን በወረንጦ ላንሳት ትላላችሁ። የወረንጦው ጫፍ ቀለሙን ይነካዋል። ጸጉሯ ተነሳች፣ ግን መስመር ጥላ ሄደች። መስመሩን ላስተካክል ብላችሁ በብሩሽ ትነኩታላችሁ። በዚህ ሰዓት ቀለሙ ከላይ ስስ ቆዳ አውጥቷል፣ ከሥር ግን ገና ፈሳሽ ነው። ብሩሹ ቆዳውን ይቀደዋል፣ የታችኛውን ይጎትተዋል። ጸጉር የምታክለው ችግር አሁን ጥፍር አከለች። ትንሽ ቲነር፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ ባደርግበትስ ትላላችሁ። ቲነሩ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም፣ ፕራይመሩ፣ ድረስ ይወርዳል። ፕላስቲኩ ወጣ።

ጸጉሯን ዝም ብትሏትስ? ቀለሙ በደንብ ይደርቃል። በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ 2000 ቁጥር ያለው፣ በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ትቆርጣላችሁ። የጣት ጫፍ የምታክል በቂ ናት። ውሃ ታስነኩትና ቦታውን ቀስ አድርጋችሁ ትፈትጉታላችሁ። ሳትጫኑ። ጸጉሯ ተፍቃ ትሄዳለች። የቀረው ስስ ጠባሳ አንድ እጅ ስስ ቀለም ሲደረብበት ይጠፋል። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የሚከብደው ማግስትን መጠበቁ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይኼ ነው። ኤርብራሹን፣ ማለትም ቀለም በአየር የሚነፋውን መሣሪያ፣ አስቀምጡ። ሞዴሉን አቧራ በማይገባበት ሳጥን ክደኑት። ከክፍሉ ውጡ። ኤርብራሹን ማጠብ ካለባችሁ እጠቡ፣ እጅም ሥራ ያገኛል።

አንድ ሁኔታ ብቻ ከዚህ ሕግ ይወጣል። ቀለሙ በጣም ገና ከሆነና የቀባችሁት ትንሽ ክፍል ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ጎማ ወይም አንዲት መክደኛ፣ ሙሉ በሙሉ አጥባችሁ እንደገና መጀመር ትችላላችሁ። ሁሉንም ማጠብ ይቻላል። ግማሹን ማስተካከል ነው የማይቻለው።

እንግዲህ «ደረቀ» የምንለው መቼ ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በጣት ሲነካ የማይጣበቅ ቀለም ደርቋል ማለት አይደለም። ላዩ ብቻ ነው የደረቀው። ሞዴል ላይ የምንጠቀምባቸው ቀለሞች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። ላከር፣ አክሪሊክ እና ኢናሜል። ላከር ፈጣን ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ እጅ ያስነካል። አክሪሊክም ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ፕላስተር ሊለጠፍበት ከሆነ ቢያንስ አንድ ቀን ስጡት። ኢናሜል ዘገምተኛ ነው። ብዙ ቀናት ይፈልጋል፣ አንጸባራቂው ደግሞ ከዚያም በላይ።

ለዚህ የሚያገለግል ጥሩ መሣሪያ አፍንጫችን ነው። ሞዴሉን ወደ አፍንጫችሁ ጠጋ አድርጋችሁ አሽትቱት። የቀለም ሽታ ካለው ገና ነው። ውስጡ ያለው ማቅጠኛ እየወጣ ነው ማለት ነው። ሽታው ሲጠፋ ሥራ መቀጠል ይቻላል። ከሰዓት ይልቅ ይሄን እመኑ፣ ምክንያቱም የክፍሉ ሙቀት፣ እርጥበቱና የቀለሙ ውፍረት ሰዓቱን ይቀያይሩታል።

ለማድረቅ የጸጉር ፎን የምትጠቀሙ ካላችሁ ተጠንቀቁ። የሞዴሎቻችን ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው፣ ሙቀት አይችልም። ስስ ክንፍ በቅርብ የፎን ሙቀት ይጣመማል። ከዚያ የቀለሙ ነገር ትንሹ ችግራችሁ ይሆናል። በዚያ ላይ ፎን አቧራ ይነፋል።

አሁን ወደ መጨማደድ ልምጣ። ቀለም ደርቦ ሳለ ታችኛው እንደ እባብ ቆዳ ሲሸበሸብ ያየ ሰው አይረሳውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የላከር ማቅጠኛ ኃይለኛ ነው። በተለይ ኢናሜል ላይ ሲነፋ ዘልቆ ይገባና ታችኛውን ያሳብጠዋል። ያበጠው ቀለም መሄጃ ስለሌለው ይሸበሸባል። ያልደረቀ አክሪሊክ ላይም ይህ ይደርሳል። እርቃኑን ያለ ፕላስቲክ ላይ በብዛት ከተነፋ ደግሞ ፕላስቲኩን ራሱን ይበላዋል፣ ደቃቅ ስንጥቅጥቅ ያወጣል።

ይህን ካወቅን ግን ነገሩን ለጥቅማችን ልናዞረው እንችላለን። እኔ ለጀማሪ ሁሉ የምመክረው ቅደም ተከተል ይኼ ነው። ከታች የላከር ፕራይመር፣ በላዩ የአክሪሊክ ቀለም፣ ከዚያ በላይ ኢናሜል የሆነው የመጋጠሚያ መስመሮችን የሚያጎላ ማድመቂያና ሞዴሉን ያረጀ የሚያስመስለው ሥራ። ከኃይለኛው ወደ ለስላሳው። ጥቅሙ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው። ኢናሜሉ ካላማራችሁ በዋይት ስፕሪት፣ ማለትም በኢናሜል ማቅጠኛ፣ የራሰ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ያነሳዋል፣ የደረቀውን አክሪሊክ ግን አይነካውም። አክሪሊኩ ካላማራችሁ አይሶፕሮፒል አልኮል ያነሳዋል፣ በደንብ የደረቀው የላከር ፕራይመር ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቀራል። አንዱ ፎቅ ሲበላሽ ሕንጻው አይፈርስም። ሦስቱንም በኢናሜል የሠራ ሰው ይህ ዕድል የለውም፣ አንዱን ላንሳ ሲል ሁሉም አብሮ ይነሳል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የኢናሜል ማድመቂያ በጥሬው ፕላስቲክ ላይ፣ በተለይ በተወጠረ መጋጠሚያ ላይ፣ በብዛት አታፍስሱ። ፈሳሹ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ፕላስቲኩን ያሰብረዋል። የማረፊያ እግሮችና ስስ ክፍሎች በዚህ የተነሳ ሲሰበሩ በተደጋጋሚ ይታያል። ቀለም ከሥሩ ይኑር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። የቀለም ብልሽት ግማሹ ከመቀባታችን በፊት የተሠራ ነው። ክፍሎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከሻጋታው በቀላሉ እንዲላቀቁ የተቀባ ቅባት ሊኖርባቸው ይችላል። ከዚያ እኛ ለሳምንታት በእጃችን ስንነካካቸው የጣታችን ወዝ ይጨመርበታል። ቀለም ወዝ ላይ አይዝም። ወይ ይሸሻል፣ መሐሉ ባዶ የሆነ ክብ ይሠራል፤ ወይ ለጊዜው ይዞ ፕላስተር ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። በደንብ አለቅልቁት። በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ከዚያ ወዲያ በጓንት ያዙት፣ ወይም በእንጨት ላይ ሰክታችሁ በእንጨቱ ያዙት። እርጥብ ቀለም ላይ የጣት አሻራ የሚታተመው ሞዴሉን የምንይዝበት ቦታ ሳናዘጋጅለት መቀባት ስለምንጀምር ነው።

ፖሊስታይሪን ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ አቧራንም ይስባል። ስለዚህ ደረቅ ጨርቅ አሽታችሁበት ወዲያው አትቀቡ። በትንሹ እርጥብ በሆነ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ወለሉንም ሆነ ጠረጴዛውን ልክ ከመቀባት በፊት አትጥረጉ፣ አቧራው አየር ላይ ይቆያል።

ፕራይመርን ዝለሉት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ቀለም እንዲይዝ ከማድረጉም በላይ ጉድለታችሁን ያሳያችኋል። ግራጫው ፕራይመር ሲያርፍ ያልሞላ መጋጠሚያና የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ያኔ ማረም ቀላል ነው።

ኤርብራሽ ላይ የሚያጋጥሙት ብልሽቶች ሁለት ጫፍ አላቸው። አንደኛው ደረቅነት፣ ሌላኛው እርጥበት። ቀለሙ ወፍራም ከሆነ፣ ከሩቅ ከተነፋ ወይም ግፊቱ ከበዛ፣ ጠብታዎቹ ሞዴሉ ላይ ሳይደርሱ መድረቅ ይጀምራሉ። ሲያርፉ አይዘረጉም። ላዩ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፣ ሲነካም ይሻክራል። በተቃራኒው ቀለሙ በጣም ከቀጠነ፣ በቅርብ ከተነፋ ወይም እጃችን አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ይጠራቀምና ይወርዳል። መሐል ላይ ያለውን ለማግኘት ቀለሙን ወተት እስኪመስል አቅጥኑት። የአየር ግፊቱን ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አድርጋችሁ ጀምሩ። ርቀታችሁ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይሁን። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው፣ ልኩን የሚነግራችሁ የፕላስቲክ ማንኪያ ነው። ማንኪያ የምለው የምሬን ነው። ጎባጣ ጀርባው እንደ አውሮፕላን አካል ክብ ነው፣ ብዙውም ከሞዴሉ ጋር ተመሳሳይ ከሆነ ፕላስቲክ ይሠራል። ያልሞከራችሁትን ቀለም፣ ቲነር ወይም ቫርኒሽ መጀመሪያ ማንኪያ ላይ ንፉ። ሲጨማደድ ማንኪያው ይጨማደድ።

የሻከረውን ከደረቀ በኋላ በ2000 ቁጥር ለስለስ አድርጉና በቀጠነ ቀለም ድገሙት። የወረደውንም እንዲሁ፣ ግን እሱ ይበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። የወረደ ቀለም ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ቶሎ አይደርቅም። በሁለተኛው ቀን ብትፈትጉት ከላይ ያለው ተገልጦ ከውስጥ እንደ ማስቲካ የሚጎተት ይወጣል። ሳምንት ስጡት። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱን ጠንካራ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጠቅልላችሁ ጉብታውን ብቻ ፈትጉ። በጣታችሁ ከያዛችሁት ጣታችሁ ጉብታውን ተከትሎ ይወርድና ዙሪያውን ይበላዋል።

የኤርብራሹ መርፌ ጫፍ ላይ ቀለም ይደርቃል፣ በተለይ አክሪሊክ። ይጠራቀምና ድንገት ጠብ ይላል። ነጠብጣቡ የሚያርፈው ደግሞ ሁልጊዜ የሚያሳዝን ቦታ ላይ ነው። በየጥቂት ደቂቃው ጫፉን ቲነር በነካ ጥጥ ጥረጉት። ነፋሱን ስትጀምሩም ስታቆሙም ከሞዴሉ ውጪ ይሁን። ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣ አየር ውሃ ያዝላል፣ ስለዚህ ውሃ ማጣሪያው ላይ የተጠራቀመውን አፍስሱት።

ስፕሬይ ጣሳ የምትጠቀሙም ብዙ ናችሁ። ጣሳው ከቀዘቀዘ ይተፋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። እጃችሁ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። እሳት ላይ፣ ምድጃ አጠገብ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ በፍጹም። ጣሳው ይፈነዳል። ከዚያ ደቂቃዎች ያህል በደንብ ናጡት፣ ከ15 እስከ 25 ሳንቲሜትር ራቁ፣ እያለፋችሁ ንፉ። አንድ ወፍራም እጅ ከመቀባት ሦስት ስስ እጅ ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው በራሱ የሚያሳብበት፣ ግን የአየሩ ጥፋት የሆነ ብልሽት አለ። አንጸባራቂ ጥቁር ነፍታችኋል። ደቂቃ ሳይሞላ ላዩ ነጭ ጭጋግ ለበሰ። ቀለሙ የተበላሸ፣ ወይም በደንብ ያልተናጠ ይመስላችኋል። የሆነው ሌላ ነው። የላከር ማቅጠኛ በፍጥነት ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥበት ካዘለ ቀዝቃዛው ላይ ጤዛ ያርፋል። ጤዛው እርጥብ ቀለም ውስጥ ይገባና ያነጣዋል። ስለዚህ በዝናብ ቀን፣ ወይም የክፍሉ እርጥበት ከ70 በመቶ ባለፈ ቀን፣ ላከር ባትነፉ ይመረጣል። እርጥበት መለኪያ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ብትኖር ደስ ይለኛል።

ደስ የሚለው፣ ይህ ብልሽት ብዙ ጊዜ ይድናል። አየሩ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ ማድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ የተቀላቀለበት የላከር ቲነር በስሱ፣ እንደ ጉም፣ ንፉበት። ላዩ ትንሽ ይከፈታል፣ የታሰረው ውሃ ይወጣል፣ ጥቁሩ ይመለሳል። ለዚህ ግን ታችኛው ቀለምም ላከር መሆን አለበት።

የማት፣ ማለትም የማያንጸባርቅ፣ ቫርኒሽ ነጭነትስ? እሱ ቤተ ዘመድ ነው፣ ግን ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንዱ ያው እርጥበት ነው። ሌላው የማደብዘዣው ዱቄት ነው። ማት ቫርኒሽ የሚደበዝዘው ውስጡ ደቃቅ ዱቄት ስላለው ነው፣ ዱቄቱ ደግሞ ወደ ታች ይዘቅጣል። በደንብ ካልተናጠ ወይም በብዛት ከተነፋ ሞዴሉ ላይ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። አትደንግጡ። ሲደርቅ አንድ እጅ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ንፉበት። ብዙ ጊዜ ነጭነቱ ሲጠፋ ታያላችሁ፣ ምክንያቱም ብርሃኑን የሚበትነው ሻካራ ላይ በቫርኒሹ ይሞላል። ከዚያ ማቱን እንደገና፣ በደንብ ናጥ አድርጋችሁ፣ በስሱ።

ወደ ማስኪንግ ቴፕ እንሂድ። እኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ሁለት ችግር አለ፤ ቀለም ከሥሩ ሾልኮ መግባትና ቴፑ ቀለም መላጥ።

ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ጠርዙን ማሸግ ነው። ነጭ መደብ ላይ ጥቁር መስመር ልትሠሩ ነው እንበል። ቴፑን ለጥፋችሁ ጠርዙን በስቲኪኒ ጎን በደንብ ተጫኑት፣ በተለይ ጉድጓድና ጉብታ ባለበት። ከዚያ ጥቁሩን ከመንፋታችሁ በፊት የቴፑ ጠርዝ ላይ ያንኑ ነጭ በስሱ ንፉ። ሾልኮ የሚገባ ነገር ካለ የሚገባው ነጭ ነው፣ ነጭ በነጭ ላይ አይታይም። ቀዳዳው በዚያው ይዘጋል። አሁን ጥቁሩን ንፉ፣ ግን ከቴፑ ወደ ክፍቱ እንጂ ወደ ጠርዙ ሥር እየገፋችሁ አይደለም። ውጤቱ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

ለሁለተኛው ደግሞ ቴፑን ከመለጠፋችሁ በፊት መስታወት ላይ አንዴ ሁለቴ ለጥፋችሁ አንሱት፣ ማጣበቂያው ይደክማል። ስታነሱት ወደ ላይ አትጎትቱት። ራሱ ላይ አጥፋችሁ፣ ከላዩ ጋር ጥግት አድርጋችሁ፣ በዝግታ ወደ ኋላ ሳቡት። ቴፑን ሞዴሉ ላይ ለሳምንት አትተዉት። ቀለም ይዞ ሲመጣ ካያችሁ አቁሙ። ከሌላኛው ጫፍ ጀምሩ።

ከተላጠ በኋላስ? የተላጠው ጠርዝ እንደ ደረጃ ነው። በላዩ ዝም ብላችሁ ብትቀቡ ደረጃው ይታያል። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን ወደ ዜሮ አሳሱት፣ ጣታችሁ እስከማይሰማው ድረስ። ፕራይመር በቦታው ንፉ። ከዚያ ቀለሙን። ብቻውን ጠብ ያለ ነቁጥ ከምታደርጉት፣ ዙሪያው ያለውን ክፍል ሞዴሉ ላይ እስከተቀረጸው የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመር ድረስ ቀቡት። ትንሽ የቀለም ልዩነት መስመር ላይ ሲያበቃ ዓይን አይጠይቀውም። እውነተኛ አውሮፕላን ላይም የተቀየረ ቆርቆሮ ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብልሽት የሚመስለን ሁሉ ብልሽት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1944 ኖርማንዲ ላይ ለተካሄደው ወረራ የተባበሩት ኃይሎች አውሮፕላኖች ክንፋቸውና አካላቸው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ተቀብተው ነበር። ሦስት ነጭ፣ ሁለት ጥቁር። ባለ አንድ ሞተሮቹ ላይ የእያንዳንዱ መስመር ስፋት 18 ኢንች ነበር፤ በ1/48 ሞዴል፣ ማለትም ከእውነተኛው 48 ጊዜ ባነሰው፣ 9.5 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ትእዛዙ ምስጢር እንዲጠበቅ ተብሎ መጨረሻው ሰዓት ላይ ነው የወጣው። የምድር ሠራተኞቹ በጥድፊያ፣ ብዙዎቹም በእጅ ብሩሽ ቀቡት። በጊዜው በተነሱ ፎቶዎች ላይ የተጣመመ ጠርዝ፣ የብሩሽ ዱካ፣ ሳስቶ ታችኛው የሚታይበት ነጭ ታያላችሁ። እንግዲህ ሞዴላችሁ ላይ መስመሩ ትንሽ ቢዛነፍ፣ ከማፍረሳችሁ በፊት ፎቶውን ተመልከቱ። ታንክ ላይም እንዲሁ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በበረዶ ወቅት ለመደበቂያ የሚቀባው ነጭ ጊዜያዊ ነበር፣ በዝናብና በመታሸት ይለቅ ነበር። ወጥ ሆኖ ያልያዘ ነጭ እዚያ ላይ ትክክል ነው። ይህ ግን በፎቶ ሲረጋገጥ ነው። ስንፍናን ታሪክ ብሎ መጥራት አልወድም።

ስለ ዲካል፣ ማለትም ሞዴሉ ላይ ስለሚለጠፈው ስስ የምልክትና የቁጥር ሥዕል፣ በአጭሩ። ዲካል ሥር የሚታይ ብርማ ጥላ የታሰረ አየር ነው። ዲካል ሻካራ ማት ላይ ሲለጠፍ በሽክረቱ መሐል አየር ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ አንጸባራቂ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ዲካል፣ መጨረሻ ላይ ማት። ብርማው ጥላ ከመጣ በኋላ ደግሞ ቦታውን በስል መርፌ ወይም በአዲስ ምላጭ ጫፍ ብስት ብስት አድርጉና የዲካል ማለስለሻ አንጠብጥቡበት። ሲለሰልስ በእጅ አትንኩት። አስፈላጊ ከሆነ በማግስቱ ድገሙት።

ነጭን ቀይ ፕላስቲክ ላይ መቀባትም ያበሳጫል። ሦስት እጅ ትቀቡና ሮዝ ይሆናል፣ ምክንያቱም የፕላስቲኩ ቀይ ወደ ነጩ ያልፋል። አራተኛ እጅ አይረዳም። በመሐል አንድ እጅ የብር ቀለም አድርጉ፣ ያግደዋል።

መስታወት የሚመስሉትን ግልጽ የፕላስቲክ ክፍሎች በሱፐር ግሉ አታጣብቁ። ትነቱ መስታወቱ ላይ ነጭ ጉም ሆኖ ይቀራል። ሲደርቅ ግልጽ የሚሆን ነጭ ኮላ ይበቃል። ጉሙ ከመጣ በደቃቅ ማወልወያ ቅባት ፈትጋችሁ ግልጽ አንጸባራቂ አክሪሊክ ውስጥ ብትነክሩት ጥራቱ ይመለሳል።

አንዳንዴ ደግሞ መጠገን ትርፉ ድካም ነው። ላዩ ሁሉ ከተጨማደደ፣ ወይም ተደራርቦ ዝርዝሩን ከዋጠው፣ ማንሳት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሴቶንና የላከር ቲነር ፖሊስታይሪንን ያቀልጡታል፣ አትንከሩት። አክሪሊክ ከሆነ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ አቆዩትና በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ሬዚን ከሚባለው ሌላ የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ክፍል ግን አልኮል ውስጥ ሲቆይ ሊለሰልስ ይችላል፣ እየፈተሻችሁ አውጡት። የመኪና ፍሬን ዘይት የሚመክሩ አሉ። መርዛማ ነው፣ ፕላስቲኩንም ሊያደርቀውና ሊያሰባብረው ይችላል፣ እኔ አልመክርም። በረኪና የሚያነሳው ክሮም የለበሱ ክፍሎችን ልብስ ነው፣ ለቀለም አይሆንም። በረኪናን ከአሞኒያ፣ ከአሲድ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

ስለ ራሳችሁም ላንሳ። ማቅጠኛ ስትነፉ መስኮት ይከፈት፣ ጭሱን ወደ ውጪ የሚያወጣ ማራገቢያ ይኑር። ተራው የጨርቅ ማስክ ትነት አያስቀርም። የሚያስፈልገው የኬሚካል ትነት ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው። ሞዴል ሁለተኛ ይገዛል።

የመጨረሻው ጉዳይ የቀላቀላችሁት ቀለም ነው። ጥገና የሚያስጨንቀው አንዱ ምክንያት ቀለሙ እንደገና አለመገኘቱ ነው። ሁለት ሦስት ቀለም ቀላቅላችሁ የፈጠራችሁትን አረንጓዴ ከወር በኋላ በዓይን መድገም አይቻልም። ስለዚህ ስትቀላቅሉ በጠብታ ቁጠሩ፣ ልኩን ጻፉ። የተረፈውን ጥብቅ ክዳን ባላት ትንሽ ጠርሙስ አስቀምጡ፣ ላይዋ ላይ የሞዴሉን ስም ለጥፉ። የሞከራችሁበትን ማንኪያም አትጣሉ። ጀርባው ላይ ቀለሙን፣ ማቅጠኛውን፣ ግፊቱን ጻፉበት። ሞዴሉ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ፣ የመጨረሻው ቫርኒሽ ደርቆ እስኪያልቅ ድረስ ጠርሙሷም ማንኪያውም አጠገቡ ይቆዩ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ። የተበላሸ ሞዴል ይዛችሁ የመጣችሁም ወደ ፊት አምጡት፣ አብረን እንየው።